ምዕራፏን ልጨርስና

ቤታችን ውስጥ አዲስ መልስ ገብታለች። «ምዕራፏን ልጨርስና» ትባላለች። ምሳ ቀረበ ሲባል፣ ምዕራፏን ልጨርስና። በር ተንኳኳ ሲባል፣ ምዕራፏን ልጨርስና። ውሃ መጣ፣ ጀሪካኑን ደቅኚ ሲባልም እሷው ናት። የሰፈራችን ውሃ ደግሞ ምዕራፍ የሚጠብቅ አይደለም። መጣ ተብሎ ሳያልቅ ይሄዳል።

ባለመልሷ የእህቴ ልጅ ናት። 17 ዓመቷ ነው። ክረምቱን እዚህ ሐዋሳ እኔ ጋ ልታሳልፍ መጥታለች። ሰሞኑን ከአሞራ ገደል አሳ ገበያ ቆሮሶ ገዝቼ፣ ጠብሼ፣ ዳጣውን አቅርቤ ጠራኋት። ምዕራፏ ስታልቅ አሳው በርዷል፣ ዘይቱ ረግቷል። ቀዝቃዛ ሽሮ እችላለሁ። ቀዝቃዛ አሳ ግን ዘመድ ያስጠላኛል።

«ቆይ፣ ምንድን ነው የምታነቢው?» አልኳት።

«ፋንታሲ ነው፣ አክስትዬ። ፍቅርም አለው።»

ታሪኩን ነገረችኝ። በሳምንቱ ሌላ ጀመረች፣ እሱንም ነገረችኝ። ያው ነው። ልጅቷ 17 ዓመቷ ነው። ወላጆቿ ሞተዋል፣ ወይም የሞቱ ይመስላታል። ቆንጆ መሆኗን አታውቅም፤ ከእሷ በቀር መንደሩ በሙሉ ያውቃል። ክንዷ ላይ ምልክት አለ። መንግሥቱን ከጥፋት የምታድነው እሷ ብቻ ናት። ሁለት ወንዶች ይወዷታል። አንዱ አብሮ አደጓ ነው፣ ደግ ነው፣ ስለዚህ አይሳካለትም። ሌላው ሊገድላት የመጣ ነው። እሱን ታገባለች።

ይሄ ሊገድላት የመጣው፣ መልኩ የሃያ ዓመት ልጅ ነው። ዕድሜው ግን አምስት መቶ ነው።

«አምስት መቶ?»

«እነሱ ዘንድ እኮ ገና ወጣት ነው፣ አክስትዬ።»

የቤተሰብ ሕጋችን ለጋብቻ 18 ዓመት ይላል። ስለ ጣሪያው ዝም ነው። ሕግ አውጪዎቹ እንዲህ ያለ አማች ይመጣል ብለው አላሰቡም። ደግሞስ ይሄ ሰውዬ ሽማግሌ ልላክ ቢል ማንን ይልካል? ከእሱ የሚበልጥ ሽማግሌ ከየት ይመጣል?

እኔ ራሴ ፋንታሲ እወዳለሁ። ከተረት ሁሉ አስበልጬ የምወደው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለውን ነው። የማይገባበት ቦታ የለም። ቤት ማኅበር ስመዘገብ ብዬዋለሁ። ወንድሜ «ብሩን ለሰኔ እመልስልሻለሁ» ሲለኝም ብዬዋለሁ። ፈረንጆቹ ዘንዶ ሳያበሩ እኛ ላም ሰማይ ላይ አሰማርተናል። ምን ትግጣለች? ዝናብ ሲመጣ የት ትገባለች? ማንስ ያልባታል? ልብ በሉ፣ ወተቷን የማያየው ባለቤቷ ነው። ይህ ባለቤት ወንድ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ሴት ብትሆን መሰላል ተውሳ ታልባት ነበር። ቅቤውን ሸጣም ዕቁቧን ትጥል ነበር።

ይህንኑ አሞራ ገደል ለአሳ ሻጯ ስነግራት፣ አጠገቤ የቆመ ሰውዬ ጣልቃ ገባ። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» አለ። እንግዲህ ይሄኛውን ተረት አልወደውም። ሰውዬው ይህን ያለው ሚስቱ ጋ ደውሎ «አምባዛ ነው ቆሮሶ ያልሽኝ?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ ነው። ስልኩ ገና ጆሮው ላይ ነበር። የአሳ አንጀት የሚጠብቁት አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች ሳይቀሩ ዞረው ያዩት መሰለኝ።

እሱና መሰሎቹ ዘንዶ የምትጋልብ ሴት የፈረንጅ ፈጠራ ትመስላቸዋለች። የፈረንጅ? በትግራይ አፈ ታሪክ እትዬ አዜብ የምትባል ልጅ ለዘንዶ ልትገበር ዛፍ ላይ ታስራለች። ቅዱሳን መጥተው ዘንዶውን ይገድሉታል። ደሙ እግሯ ላይ ይንጠባጠብና ተረከዟ የአህያ ኮቴ ይሆናል። በኋላ ንግሥት ትሆናለች። ዘንዶው አለ፣ ምልክቱ አለ፣ ዘውዱ አለ። ምን ቀረ? የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተሙት መጽሐፍስ? ጦቢያ የምትባለው ልጅ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። ያኔ የሰውዬው አያት እንኳ አሳ መግዛት አልጀመረም።

ፍቅሩም ቢሆን የሀገር ነው። ክብረ ነገሥት ላይ ንጉሥ ሰሎሞን ለንግሥተ ሳባ ቅመም የበዛበት ግብዣ ያቀርባል። በግድ እንዳይነካት ይምልላታል። እሷም ከቤቱ ምንም ነገር በግድ ላትወስድ ትምላለች። ሌሊት ውሃ ይጠማታል። ልትጠጣ ስትል እጇን ለቀም። መሐላሽን አፈረስሽ! አባቶች ይቅር ይበሉኝና፣ ይህን በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ውሃ እኮ ነው! ያን ሁሉ ቅመም አብልቶ፣ እንግዳ ውሃ ነካሽ ተብላ ትያዛለች? እኛ ቤት እንግዳ ውሃ ሲጠጣ «ጨምሩለት» ነው የሚባለው።

የእህቴ ልጅ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ልዑልም ከዚህ አይሻልም። ልጅቷ ብቻዋን ሠራዊት ደምስሳ ትመጣለች። እሱ በግራጫ ዓይኑ አንድ ጊዜ ሲያያት ጉልበቷ ይከዳታል። ሠራዊት ያላንበረከከውን ጉልበት! ከዚያ ገጹ ሁሉ ስለ ልጁ መንጋጭላ ነው። ዙፋኑ ባዶ ነው፣ ሕዝቡ ይራባል፣ እሷ መንጋጭላ ታያለች። አበረታን ብለው ጽፈዋት፣ ወንዱ ሲመጣ ሰይፏን ይቀሟታል። ይሄ ከቀዝቃዛ አሳ በላይ ያናድደኛል።

የመጻሕፍት ነገር ከተነሣ የቆየ ቂም አለኝ። ልጅ ሳለሁ ልብ ወለድ የማነበው በኪራይ ነበር። አንድ አከራይ የወንጀል መጽሐፍ ሰጠኝ። ሌሊቱን ሙሉ አነበብኩ። መርማሪው ሁሉንም ሰው ሳሎን ሰበሰበ። ጣቱን ዘረጋ። ቀጣዩ ቅጠል የለም፤ ተገንጥሏል። ጠዋት ሄጄ ስጮህ «ሲመጣልኝም እንደዚሁ ነው» አለኝ። ኪራዩን ግን ሙሉ ተቀበለ። ገዳዩ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። አከራዩን አንዳንዴ ፒያሳ አየዋለሁ። ሰላም እለዋለሁ፣ ግን የመጨረሻውን እግዜር ይመስገን አልጨርስለትም።

አሁን ደግሞ ቅጠል መገንጠሉ በቴሌግራም ሆኗል። የእህቴ ልጅ እንግሊዝኛው ሲደክማት በአማርኛ በክፍል በክፍል የሚለቀቀውን ታነባለች። ልጅቷ ገደል አፋፍ ላይ ተንጠልጥላለች። አንድ እጅ ተዘረጋላት። የማን እጅ? «ይቀጥላል… ላይክ 300 ሲሞላ ክፍል 23 ይለቀቃል።» ይሄ ድርሰት ነው እገታ? ሰው ገደል ላይ አንጠልጥሎ ላይክ መቁጠር! የእህቴ ልጅም በሌሊት መጥታ ትቀሰቅሰኛለች። «አክስትዬ፣ ላይክ አድርጊልኝ፣ ትንሽ ነው የቀረው።»

ለካ ስለ ምዕራፏ ነበር የጀመርኩት። እሷማ ቤቱን በሙሉ ወርሳዋለች። ባለቤቴ መጽሐፍ ይዞ አይቼው አላውቅም። ትናንት ማታ ቆሻሻውን አውጣልኝ ብለው «ምዕራፏን ልጨርስና» አለኝ። ኳስ እያየ።

ለማንኛውም ልጅቷን አንድ ቀን ፍቅር ሐይቅ ዳር አስቀምጬ የንግሥት ፉራን ነገርኳት። የሲዳማ ምድር ላይ ክረምቷን እያሳለፈች ፉራን አለማወቅ ነውር ነው። ሲተረክ እንደሰማሁት፣ ፉራ ሴቶችን የበላይ አድርጋ ሰባት ዓመት ገዛች። ለወንዶቹ የማይቻል ሥራ ታዛቸው ነበር። በመጨረሻ ወንዶቹ መከሩ። ፈጣን መጋለቢያ ብለው ቀጭኔ አቀረቡላት፣ ላዩ ላይም አሰሯት። ቀጭኔው በረረ። አካሏ የወደቀባቸው ቦታዎች እስከ ዛሬ በእሷ አካል ስም ይጠራሉ ይባላል።

ስልኳን አስቀምጣ ሰማችኝ። ምዕራፍም አላነሣችም።

«ፍቅረኛ የላትም?» አለችኝ።

«የላትም። እንዲያውም አጭርና መላጣ ወንዶችን አስጨርሳለች ይባላል።»

ትንሽ አሰበች።

«ረጃጅሞቹ ግን ቀርተዋላ!»

«አዎ። ቀጭኔውን ያመጡት እነሱ ይሆናሉ።»

«ሊገድሏት?»

«ሊገድሏት።»

«በቃ ከእነሱ አንዱ ነው!» ብላ ብድግ አለች። «አክስትዬ፣ ዓይኑ ምን ዓይነት ነበር?»