ጸጥታ! ሠራተኞች እየተጫወቱ ነው

ጅማ ላይ ዶፍ የያዘው ሰው መጠጊያው ሁለት ነው፤ ወይ ቡና ቤት፣ ወይ ቤተ መጻሕፍት። ቡና ቤት ገብቶ የሚጫወት ሰው መጨረሻ ላይ ሒሳብ ይመጣበታል። ቤተ መጻሕፍት ግን ጨዋታው በነጻ ነው፤ ያውም በወር ደመወዝተኛ ተጫዋቾች የሚቀርብ። ባለፈው ሐሙስ ከሒርማታ ገበያ ስመለስ ዝናቡ ሰማይ የተቀደደ ይመስል ወረደና ሁለተኛውን መረጥኩ። ነውሬን ልናገርና፣ ለጨዋታ አልነበረም የገባሁት። መጽሐፍ ፈልጌ ነበር።

ማና ወረዳ ያለው ወንድሜ የቡናው እሸት ላይ ጥቁር ነጥብ እየወጣ፣ ነጥቡ ወደ ውስጥ እየጎደጎደ፣ ፍሬው መርገፍ ጀምሮበታል። የቡና ፍሬ በሽታ ሳይሆን አይቀርም ብለን ጠርጥረናል። "አንተ ከተማ ነህ፤ እስቲ መጽሐፍ አገላብጥልኝ" አለኝ። በሽታው አገራችን ውስጥ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ እርጥበት የሚወድ ፈንገስ ስለሆነ ጅማን ቢወድ አይፈረድበትም። በቤተ መጻሕፍት አደራደር የቡና ልማት ቁጥሩ 633.73 ነው። ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ባንኮኒው ላይ አኖርኩ። ከ50 ዓመት በላይ አብሮን የኖረ በሽታ አንድ ከሰዓት በኋላ አይታገሥም ብዬ መቸኮሌ የእኔ ጥፋት ነው።

"መጣሁ" አለኝ ከባንኮኒው ጀርባ ካሉት አንዱ። አልተነሳም። ያልተነሳ ሰው "መጣሁ" ማለት የሚችልበት ቋንቋ ስላለን ደስ ሊለን ይገባል።

ሦስት ናቸው። ስማቸውን አላነሳም፤ እናንተም የምትሄዱበት ቤት ውስጥ ስላሉ ታውቋቸዋላችሁ። አንዱ ባለ ቁልፍ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ወንበር ለረጅም ወሬ አልመች ብሎት ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማውን ከቤቱ አምጥቷል። አንዷ ባለ ማኅተም ናት። ሦስተኛው ኮምፒውተር ፊት የሚቀመጠው ወጣት ነው፤ ኮምፒውተሩ መሥራት ካቆመ ሰንብቷል፣ ልጁ ግን ተቀምጧል። ከራሳቸው በላይ በቀይ ቀለም "ጸጥታ ይከበር" የሚል ማስታወቂያ አለ። ባለ ማኅተሟ እርጥብ ጃንጥላዋን ከማስታወቂያው ሚስማር ላይ ስላንጠለጠለችው የሚነበበው "ይከበር" የሚለው ብቻ ነው። ማን እንደሚከበር ለመረዳት ብዙ መቆም አላስፈለገኝም።

የእውቀታቸው ስፋት ያስቀናል። ጠዋት የጤፍ ዋጋ ነው። ከምሳ በፊት የውጭ ምንዛሪ፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ ይወሰን ከተባለ ጀምሮ ባለ ቁልፉ የባንክ ገዥ ሆኖ ነው የሚውለው። ስለ መጻሕፍት አያወሩም እንዳትሉ፣ ያወራሉ። አንድ ልጅ ወፍራም ልብ ወለድ ተሸክሞ ለማስመዝገብ ሲመጣ ባለ ማኅተሟ በእናት አንጀት አየችውና "ውይ፣ ይሄን ነው? መጨረሻ ላይ እኮ ይሞታል" አለችው። ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ካሳተማቸው አምስት ሕጎች አራተኛው "የአንባቢን ጊዜ ቆጥብ" ይላል። ሰውዬው መጽሐፉን ቶሎ ስጡት ለማለት ነበር። የእኛዎቹ ጠለቅ አድርገው ተረዱት፤ በአንዲት ዓረፍተ ነገር አራት መቶ ገጽ ይቆጥቡልሃል።

የጉማሬው ነገር ግን ከሁሉም ይበልጣል።

የባለ ቁልፉ የእኅት ባል ባጃጅ ይነዳል። ሐሙስ ዕለት በተነገረው መሠረት ሰውዬው ማታ በቦዬ በኩል ሲያልፍ ጉማሬ ከኩሬው ወጥቶ ሣሩ ውስጥ ቆሞ አየ። አየና አለፈ። ታሪኩ ይኸው ነበር። ባለ ማኅተሟ በዚህ ጊዜ የአንድ ተማሪ ካርድ ላይ ልትመታ ማኅተሙን አንስታ ነበር። "ወላሂ?" አለች፤ ማኅተሙ አየር ላይ ቀረ። ተማሪው አንዴ ማኅተሙን፣ አንዴ ካርዱን እያየ ቆመ። ጉማሬው አልፎ፣ ስለ ጉማሬ አባት ተወርቶ፣ ድሮ ቦዬ እንዴት እንደነበር ተተርኮ እጇ ሲወርድ ቀለሙ ደርቆ ካርዱ ላይ ምንም አልወጣም። "ነገ ና" አለችው።

ዓርብ ወረቀቴን ልጠይቅ ስሄድ ጉማሬው አስፋልቱ መሃል ደርሷል። ሰኞ የባጃጁን መብራት ሰበረ። ለምን ሰበረ የሚለው ክርክር አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ባለ ማኅተሟ "ዓሣ ሸትቶት ነው፤ የእኅትህ ባል ዓሣ ጭኖ መሆን አለበት" አለች። ወጣቱ ጉማሬ ሥጋ በል መሆኑን በስልኩ አይቻለሁ ብሎ ማለ። ስለ አጥቢ እንስሳት የሚናገሩት መጻሕፍት በ599 ቁጥር ከጀርባቸው ተደርድረዋል፤ ከበርጩማው ዘጠኝ እርምጃ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። ማንም አልተነሳም። እኔ አላስችል ብሎኝ በሹክሹክታ "ጉማሬ እኮ ሣር በል ነው፤ ማታ ማታ የሚወጣው ሊግጥ ነው" አልኩ። ሦስቱም ባንድ ላይ ዞሩ።

"ወንድሜ፣ ይሄ ቤተ መጻሕፍት ነው። ድምፅህን ቀንስ!"

ትናንት ማክሰኞ ጉማሬው የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን እንስሳ እንዴት ባጃጅ ውስጥ ገባ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ጥያቄው ሒሳቡ ነበር። ባጃጅ የሚጭነው ሦስት ሰው ስለሆነ የሦስት ሰው ይክፈል አለ ወጣቱ። ባለ ቁልፉ ሻንጣ ስላልያዘ ቅናሽ ይደረግለት አለ። ባለ ማኅተሟ በበኩሏ ሌላ ሰው መጫን ካልተቻለ ኮንትራት ነው፣ ኮንትራት ደግሞ በስምምነት ነው ብላ ድርቅ አለች። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ በልቤ ከእሷ ጋር ነበርኩ።

በዚህ መሃል ጥግ ካለው ጠረጴዛ ሁለት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ተነሡ። ተነሡ አይባልም፣ አስነሷቸው። አንዷ የሒሳብ ጥያቄ ጓደኛዋን በጆሮዋ ስለጠየቀቻት "ወሬ ከሆነ ውጪ!" ተባሉ። የደንብ ልብሳቸው ገና አልደረቀም ነበር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ያለፉት 3.3 በመቶ ናቸው፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ይህን ቁጥር እዚያው ባንኮኒ ላይ "የዛሬ ልጆች አያነቡም" እያሉ ሲቀባበሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አያነቡም! በዚያ ዝናብ ጫማቸው ውኃ እየተፋ የመጡት ለምን መሰላችሁ? ቤታቸው መብራት ጠፍቶ፣ ወይም አንድ ክፍል ውስጥ ለስድስት ተኝተው፣ አንድ ጸጥ ያለ ጠረጴዛ ፍለጋ ነው የመጡት። ጸጥታውን የሚነጥቃቸው ጸጥታ እንዲጠብቅ የተቀጠረ ሰው ነው። በሩ ሥር ደብተራቸውን በሹራባቸው ሸፍነው ዝናቡ እስኪያባራ ሲጠብቁ አየኋቸው፤ አፈርኩ። ከባንኮኒው በኩል የሳቅ ድምፅ እስከ በሩ ይሰማ ነበር።

ይቅርታ፣ ከምስጋናዬ ወጣሁ። ወረቀቴ ተገኝቷል። ጠፋ ብዬ ሳማቸው ነበር፤ ለካ አገልግሎት ላይ ውሎ ነው። ከፊቱ 633.73 እንደተጻፈ ነው፤ ከጀርባው ባለ ቁልፉ በእስክሪብቶ ባጃጅ ሥሎበታል፣ ጉማሬው በየት በኩል እንደገባ በቀስት እያመለከተ። ሥዕሉ አይናቅም። የጉማሬው አንድ እግር ውጪ ቀርቷል።

ዛሬ ጠዋት ወንድሜ ከማና ደወለ። ከዛፎቹ ሥር የረገፈው እሸት እየበዛ መሆኑን ነገረኝና "ታዲያ መጽሐፉስ፣ አገኘህ?" አለኝ።

"ገና ነው፤ ጉማሬው ሒሳብ አልከፈለም" አልኩት።