«ኖርማል ነው» ያለው ወረቀት

አጎቴ ፕሮስቴታቸው (ከፊኛ ሥር ያለው የወንዶች እጢ) በካንሰር ምክንያት በቀዶ ጥገና ከወጣ ሁለት ዓመት አለፋቸው። «ጋሼ፣ ደም ተመረመሩ?» ስላቸው ሳቁብኝ። «አንተ ልጅ፣ ወጥቷል እኮ! የሌለ ነገር ይመረመራል እንዴ?»

ስነዘንዛቸው ሄዱ። ውጤቱን በስልክ ፎቶ አንስተው ላኩልኝ። ፒኤስኤ፣ ማለትም በደም ውስጥ የሚለካው የፕሮስቴት ፕሮቲን፣ 0.38። አጠገቡ «ከ0 እስከ 4» የሚል ታትሟል፣ የላብራቶሪው ልጅም «ኖርማል ነው፣ አይዞዎት» ብሎ ሸኝቷቸዋል።

እኔን ያናደደኝ ይቺ ከ0 እስከ 4 የምትባል ነገር ናት። ፕሮስቴቱ ላለው ሰው የተሠራች መለኪያ ናት። ፒኤስኤን የሚያመርተው ፕሮስቴት ስለሆነ፣ እሱ ከወጣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ቁጥሩ መሣሪያው የማያገኘው ደረጃ ላይ መውረድ አለበት። ወርዶ ከቆየ በኋላ 0.2 ከደረሰና በሁለተኛ ምርመራ ከተረጋገጠ ሐኪሞች በሽታው ተመልሷል ብለው ነው የሚይዙት። ወረቀቱ ግን በሽተኛው ቀዶ ጥገና ያድርግ አያድርግ አያውቅም!

ምርመራው እኮ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1986 መጀመሪያ የተፈቀደው በሽታው የተገኘባቸውን ሰዎች ለመከታተል ነበር። አዲስ ካንሰር ለመፈለግ የተፈቀደው በ1994 ነው።

በእርግጥ 0.03 አይቶ እንቅልፍ ማጣትም አያስፈልግም። ዋናው ቁጥሩ ወዴት እየሄደ ነው የሚለው ነው፤ ለዚህ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየሦስት እስከ ስድስት ወሩ፣ ቢቻል እዚያው አንድ ላብራቶሪ መመርመር፣ የድሮ ወረቀቶችንም አለመጣል። ቁጥሩ ሲጨምር ሰውየው ምንም አይሰማውም፤ አጥንት እስኪያመው ከጠበቀ ዘግይቷል። የጨረር ሕክምና ደግሞ ይበልጥ የሚሠራው ቁጥሩ 0.5 ሳይደርስ ሲጀመር ነው። የጨረር ወረፋ በሚረዝምበት አገር «ኖርማል ነው» ተብሎ የሚባክን ወር ቀላል አይደለም።

አጎቴ ወረቀቱን ይዘው ቀዶ ሕክምና ወደሠራላቸው ሐኪም ተመለሱ። ድጋሚ ሲለካ 0.41። ወረፋ ያዙ፣ ጨረሩንም ጨረሱ። አሁን ሳሎን የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ጠርዝ ላይ ቁጥሮቹን በእስክሪብቶ ይጽፋሉ፤ ባለፈው ሳምንት ደውለው «0.05 አለ፣ ከ0 እስከ 4ቱን ግን ሰርዤዋለሁ» አሉኝ።