በሮም ሕግ አምላክ!

ሰሞኑን ያቺ ጽሑፍ ተመልሳ መጥታለች። የቷ ጽሑፍ እንደማትሉኝ አውቃለሁ። «ከነገ ጀምሮ አዲስ ሕግ ይጸናል፣ ፌስቡክ ፎቶዬንም ሆነ መልእክቴን እንዲጠቀም አልፈቀድኩም፣ ኮፒ አድርጋችሁ ለጥፉ፣ ሼር እንዳታደርጉ» የምትለዋ ናት። ያ «ነገ» ከተባለ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው፤ እስካሁን አልነጋም። በሰፈራችን የዕድር ቴሌግራም ግሩፕ፣ የቀብር ሰዓት ለመናገር ተብሎ በተከፈተው፣ አንዱ ማታ ለቀቃትና እስኪነጋ ድረስ ሁሉም እየተቀባበለ ለጠፋት። ልብ በሉ፣ ቴሌግራም ላይ ነው። ፌስቡክን ያስጠነቀቁት በቴሌግራም ነው።

ልተች አይደለም የመጣሁት። ላመሰግን ነው።

አሜሪካ ውስጥ እኮ 40 ግዛቶች ተሰባስበው፣ ዐቃብያነ ሕጎቻቸው ዓመታት ፈጅተው መርምረው፣ ጉግል ሰዎች የሎኬሽን ታሪካቸውን ዘግተው እንኳ የት እንዳሉ ይመዘግብ ነበር ብለው ተሟግተው፣ በስንት መከራ እ.ኤ.አ. በ2022 391.5 ሚሊዮን ዶላር አስከፈሉት። ምን አደከማቸው? ኮፒ ፔስት እያለ! የኛ ሰው ጋቢውን እንደለበሰ፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ፣ ያለ ጠበቃና ያለ ቴምብር ጉዳዩን ጨርሶ ይተኛል።

ከሁሉም የምወድላት የሕግ ጥቅሷን ነው። በእንግሊዝኛ ስትዞር ከነበረችበት ጊዜ ጀምሮ «የሮም ስምምነት» ይጠቀስባታል። የሮም ስምምነት ማለት እ.ኤ.አ. በ1998 የተፈረመው፣ ሄግ ያለውን ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ያቋቋመው ሰነድ ነው። ፍርድ ቤቱ አራት ዓይነት ወንጀል ያያል። የዘር ማጥፋት፣ በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል፣ የጦር ወንጀልና የወረራ ወንጀል። አምስተኛው የእትዬ እገሊት የጥምቀት ፎቶ መሆኑ ነው። ኢትዮጵያ የስምምነቱ አባል አይደለችም። የኩባንያው አገር አሜሪካም አይደለችም። ይህ ግን ለተራ ሕግ አዋቂ እንጂ ለዕድራችን እንቅፋት አይሆንም።

እስኪ ችሎቱን በዓይነ ልቦናችሁ እዩት። ሄግ፣ ጠዋት፣ ውጭ ካፊያ ይዟል። ዳኞች ይሰየማሉ። ከሳሽ ከባሕር ዳር፣ ከፔዳ ወረድ ብሎ፣ ነጭ ጋቢ ደርቦ ቀርቧል። አስተርጓሚ ተመድቦለታል። ዐቃቤ ሕግ ኤግዚቢት አንድን ያቀርባል፤ ከሳሽ ጣና ዳር ከተጠበሰ አሳ ጋር የተነሳው ፎቶ። አሳው ከነጭንቅላቱ ነው፣ ሎሚና ሚጥሚጣ በጎኑ አለ። ሰብሳቢ ዳኛዋ መነጽራቸውን አስተካክለው «አሳው ፈቃድ ሰጥቷል?» ይላሉ። ክቡር ፍርድ ቤት፣ አሳው በዚያን ሰዓት ፈቃድ ለመስጠት በሚያስችል ሁኔታ ላይ አልነበረም። ጥሩ፣ ይመዝገብ። የኩባንያው ጠበቃ ይነሳል። ከሳሽ በእንዲህ ያለ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ደቂቃ «እስማማለሁ» የሚለውን ነክተዋል፤ ውሉ ብዙ ገጽ ነው፣ እሳቸው ግን አንብበው ለመጨረስ አንድ ሰከንድ አልፈጀባቸውም፤ እንዲህ ያለ አንባቢ በሕግ ታሪክ አልታየም ይላል። ከሳሽ ዘለው ይነሳሉ። «ኮፒ አድርጌ ለጥፌያለሁ እኮ! በሕግ አምላክ!» ዳኛዋ ዝም ያሰኟቸውና «ኮፒ ነው ያደረጉት ወይስ ሼር?» ብለው ይጠይቃሉ። አዳራሹ ጸጥ ይላል። ከሳሽ ላብ ያጠምቃቸዋል። ሼር አድርገው ይሆን? ምስክር ይጠራ ይባላል፣ የዕድሩ ጸሐፊ ናቸው፣ ምለው ይቆማሉ፣ ስልካቸውን አውጥተው ያንን መልእክት ይፈልጋሉ፣ ይፈልጋሉ፣ ከስንት የመልካም ሰንበት አበባና ከስንት የቀብር ማስታወቂያ ሥር... ለሚቀጥለው ወር ተቀጥሯል!

በነገራችን ላይ አገር ቤት አንድ ሁለት ሕግ ነበረን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 ስለ ግላዊ ሕይወት መከበር ይናገራል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ግን እነዚህን ማን ይጠቅሳል? ሮም የሚለው ይከብዳል።

ከችሎት መልስ ያው ከሳሻችን ዘና ማለት አማረው። ፊትን አርጅቶ የሚያሳይ አፕ አወረደ። ካሜራ ይፍቀዱ? ፈቅጃለሁ። ፎቶዎችዎን በሙሉ? ፈቅጃለሁ። ኮንታክት? ፈቅጃለሁ። ማይክ? ፊት ለማስረጀት ማይክ ምን ያደርጋል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል፤ እሱ ግን ክፉ አያስብም፣ ፈቅጃለሁ። ሎኬሽን? ሁልጊዜ!

ቀጥሎ ምስጋና የሚገባው ስልኩ ላይ ከጎን የማያሳይ ጥቁር ግላስ ያስለጠፈው ነው። ባጃጅ ውስጥ ከኋላ ሦስት ሆነን ተጣብበናል፣ ክርኑ ጎኔ ውስጥ ነው፣ የስልኩ ስክሪን ግን ለእኔ ጥቁር ሰሌዳ ነው። ለእሱ ብቻ ያበራል። ከተራው ግላስ ይወደዳል፤ ይወደድ! ለማስቲካ ሻጭ ዞር ስል እንኳ ሰረቀኝ ብሎ ስልኩን ወደ ደረቱ ያስጠጋል። ከዚያ መስታወት ጀርባ ደግሞ ያ ስልክ ከጊዮርጊስ እንደተነሳ፣ ፋሲሎ ጋ እንደቆመ፣ ማታ የት ቤት እንደሚያድር አንድ በአንድ እየቆጠረ ይልካል። ዘጌ ለመሳለም በጀልባ ሲሻገር ኔትወርክ ቢጠፋም ጂፒኤስ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። አፑ ታግሶ መዝግቦ ይቆይና ኔት ሲመጣ ያደርሳል። በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ የቁልፍ ቀዳዳውን በጥጥ የሚወትፍ ጥንቁቅ ሰው አይታችሁ ከሆነ፣ እሱ ነው።

«ስልኬ ይሰማኛል» ባዩም አለ። ማኪያቶውን እያማሰለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስለ ፍሪጅ አወራን፣ ማታ የፍሪጅ ማስታወቂያ መጣልኝ» ይላል። ወንድሜ፣ ለምን ብለው ይደክማሉ? ቀን ላይ የፍሪጅ መደብር በር ላይ ቆመህ ዋጋ ስትከራከር ስልክህ ኪስህ ውስጥ አብሮህ ቆሟል። ባለቤትህ በዚያው በቤታችሁ ዋይፋይ የፍሪጅ ዓይነት ስታገላብጥ አምሽታለች። ስልክህ ላይ ለማስታወቂያ ተብሎ የተሰጠ መለያ ቁጥር አለ። የኳስ ውጤት የምታይበት አፕ፣ የአየር ጠባይ የምታይበት አፕ፣ ያ ከረሜላ የምታፈነዳበት ጌም፣ ያዩትን ሁሉ በዚያ ቁጥር ሥር ያስቀምጡታል፤ የመረጃ ደላላው ለቅሞ ያገጣጥመዋል። ጆሮ ቢኖራቸውም ባይኖራቸውም አንተ ሳታወራ ጨርሰህ ነግረሃቸዋል። አሁንም ግን ሚስጥር ሲያወራ ስልኩን ትራስ ሥር ይከተዋል። ስልኩ እንቅልፉን እንኳ ይለካለታል፣ ራሱ ነው የፈቀደለት።

እውነቱን ለመናገር፣ ዳታ በክልላችን ተዘግቶ በከረመባቸው ወራት አንጀቴን የበሉት እነዚያ ኩባንያዎች ነበሩ። ስንት ከተማ ሙሉ ሰው የት ውሎ የት እንደሚገባ ሳያውቁ ከረሙ። ሲከፈት ደግነቱ የኛ ሰው አላሳፈራቸውም፤ አፕዴት የሚለውን ሁሉ አፕዴት አድርጎ ካሳቸው።

መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ ደግነታችን ከልክ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አንድ የእጅ ባትሪ አፕ የሰዉን መገኛ ቦታ ለማስታወቂያ ድርጅቶች ሲያቀብል ደረሰበት። ሥራው ማብራት ብቻ የሆነ አፕ! ዛሬ ስልኩ ራሱ ከነመብራቱ ነው የሚሸጠው። እኛ ግን ከፕሌይ ስቶር «እጅግ በጣም ደማቅ» የሚል ባትሪ እናወርዳለን፣ ኮንታክታችንን ይጠይቀናል፣ እንሰጠዋለን። ለአክስቴ ሊያበራላት ነው መሰለኝ።

እዚህ ላይ ግን መቀለድ አቃተኝ። ልጇ ቤይሩት ያለች እናት ስልክ ሱቅ ትገባለች። የልጇን ፊት በኢሞ ማየት ነው የፈለገችው፤ ሌላ ምንም አልፈለገችም። ልጁ ስልኩን ይቀበላታል፣ ኢሜይል በራሱ ስም ይከፍትላታል፣ ፓስወርዱን በራሱ ደብተር ይጽፈዋል፣ የመጣውን ጥያቄ ሁሉ ፍቀድ፣ ፍቀድ፣ ፍቀድ ይልና «ጨርሻለሁ እማማ» ብሎ ያስረክባታል። ከፍላ፣ መርቃው ትሄዳለች። ይሄን ነው እንግዲህ ኩባንያው «ተጠቃሚዋ ተስማምታለች» ብሎ የሚመዘግበው። አልተስማማችም! ማን ጠየቃት? እሺ የሚለው ቁልፍ ሰማያዊና ሰፊ፣ እምቢ የሚለው ደግሞ ደብዝዞ ጥግ ላይ የተወሸቀው እኮ በአጋጣሚ አይደለም። ደመወዝ እየተከፈላቸው ይህንኑ ሲያስቡ የሚውሉ የተማሩ ሰዎች ናቸው እንዲያ ያደረጉት። የልጇ ናፍቆት ያንገበገባትን ሴት በናፍቆቷ ማጥመድ ነውር ነው። ያንን ደብተር የያዘው ልጅም አይኑን በጨው ያጠበ ነው።

ይሁን፤ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ለጋስ ሰው የራሱን ብቻ አይሰጥም። ኮንታክት ሲፈቅድ እኔንም ይሰጣል፣ እናንተንም ይሰጣል፣ የነፍስ አባቱንም። እኔ ያንን አፕ በዓይኔ አላየሁትም፤ ቁጥሬ ግን እዚያ አለ፤ ያውም እሱ በመዘገበኝ ስም። የደዋይ ስም በሚያወጣ አፕ አንድ ወዳጄ ቢያየኝ «ጸሐፊው ጉረኛ» ሆኜ ወጣሁ። ማን እንደመዘገበኝ እጠረጥራለሁ። ሰላም ማለቴን ግን አላቆምኩም።

እንግዲህ በመካከላችን ጥቂት ከሃዲዎች እንዳሉ መደበቅ አይቻልም። አንዷን አውቃታለሁ፣ ፖሊ የምትማር ልጅ ናት። ይቺ ልጅ ምንም አትለጥፍም፣ ማንንም አታስጠነቅቅም፣ ሮምን አትጠራም። ዝም ብላ ሴቲንግ ትገባለች። እዚያ ውስጥ የትኛው አፕ ምን እንደተፈቀደለት የሚያሳይ ቦታ አለ፤ አንድ በአንድ ትነቅላቸዋለች። ለካርታው አፕ ሎኬሽን «ሲከፈት ብቻ» ትላለች፣ ለጌሙ ጭራሽ ትከለክላለች። የማስታወቂያ መለያ ቁጥሯን አጥፍታዋለች። ጉግል አካውንቷ ውስጥ ገብታ ያየችውንና የፈለገችውን እንዳይመዘግብ አስቁማለች። ሎኬሽን ብቻ መዝጋት አይበቃም፣ ይሄኛውም መዘጋት አለበት ትላለች፤ እነዚያ 40 ግዛቶች የተሟገቱበትም ዋናው ነገር ይኸው ነበር። የማትጠቀምበትን አፕ ታጠፋለች። ኧረ ጨካኝ! ባለ አይፎኑ እንኳ ከእ.ኤ.አ. 2021 ወዲህ አፕ ሊከታተለው ሲል ስልኩ ራሱ «ይከታተልህ?» ብሎ እየጠየቀው፣ ሰው እንዳይቀየመው ብሎ ይፈቅዳል።

አጎቷ ሲያያት ተገረመ። «ምን የምትደብቂው ነገር ቢኖር ነው? እኔ የምደብቀው የለኝም፣ እንደፈለጉ ይዩኝ» አላት፣ ሰው እየሰማው።

ይሄን ሰው የት አገኘዋለሁ ብላችሁ አትጨነቁ፤ በየሻይ ቤቱ አለ። የሚደብቀው የሌለው፣ ልቡ እንደ ስሙ ንጹሕ ነው። አግኝታችሁ «ባትሪዬ አልቆ ነው፣ እስኪ አንዴ ስልክህን ስጠኝ ልደውል» በሉት። ፓተርኑን በመዳፉ ጋርዶ ይከፍታል፣ ቁጥሩን ንገረኝ ብሎ ራሱ ይመታል፣ ስፒከር ላይ ያደርገዋል፣ ስልኩን በእጁ እንደያዘ አፋችሁ ጋ አስጠግቶ «አውራ» ይላችኋል።