የቤት ዋጋ ሲሰላ የማሞቂያው ሒሳብ የት ገባ?

ስለ ቤት ግንባታ ክርክር ሲነሳ ሁልጊዜ ተከሳሹ የኃይል ቁጠባ መስፈርት ነው። ወፍራም የሙቀት መከላከያው፣ ባለ ሦስት መስታወት መስኮቱ፣ የአየር መለዋወጫ መሣሪያው ሁሉ የግንባታ ዋጋን አንሮ ወጣት ቤተሰቦችን ከቤት ባለቤትነት አራቀ ይባላል። ስሞታው ከንቱ አይደለም። ጭማሪው እውነት ነው፤ ብድሩን የሚከፍለውም ቤቱን የሚያሠራው ሰው ነው። እኔ የማልስማማው ሒሳቡ ቁልፍ በተረከቡበት ቀን እንዲዘጋ በመደረጉ ነው። ቤት ተሠርቶ ካለቀ በኋላም ብርድ በመጣ ቁጥር ያስከፍላል።

እስቲ በቁጥር እንየው። መከላከያ የሌለው የጡብ ግድግዳ በውስጥና በውጭ መካከል ላለው ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት፣ በአንድ ካሬ ሜትር 1.5 ዋት ያህል ሙቀት ያሳልፋል እንበል። የግድግዳው ስፋት 100 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ ውጭው ለ200 ቀናት ከውስጡ በአማካይ 15 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፣ በግድግዳው ብቻ በዓመት 10,800 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይወጣል። ከተለመዱት መከላከያዎች አንዱን በ10 ሳንቲሜትር ውፍረት ብንለጥፍበት ይህ ወደ 2,040 ይወርዳል። 20 ሳንቲሜትር ብናደርገው 1,130፣ 30 ብናደርገው ደግሞ 780 ገደማ ይሆናል። የመጀመሪያው 10 ሳንቲሜትር 8,760 ኪሎዋት ሰዓት ሲያድን፣ ሁለተኛው 910፣ ሦስተኛው 350 ብቻ ያድናል ማለት ነው።

ይህ ስሌት ሁለቱንም ወገን ይሞግታል። መስፈርቱ ይነሳ የሚሉት ያንን የመጀመሪያውን ትልቅ ቁጠባ ሊያሳጡን ነው። መስፈርቱ በየጊዜው ይጥበቅ፣ ግድግዳው ይወፍር የሚሉት ደግሞ ብዙ ገንዘብ አስወጥተው ትንሽ ሙቀት የሚያድኑበት ደረጃ ላይ ይደርሳሉ። ሁለተኛውን 10 ሳንቲሜትር ግን በቁጠባው ማነስ ብቻ ልንተወው አይገባም። ለመከላከያ ሥራ መወጣጫው አንዴ ይቆማል፣ ልስኑ አንዴ ይለሰናል፣ ሠራተኛው አንዴ ይከፈለዋል፤ ስለዚህ በግንባታው ወቅት ውፍረት መጨመር የሚያስከፍለው የዕቃውን ልዩነት ያህል ነው። ከዓመታት በኋላ እጨምራለሁ ያለ ሰው ሁሉንም እንደገና ይከፍላል። ሦስተኛውን ግን እኔ ብሆን ትቼ ገንዘቡን አየር የሚያሾልኩ ቀዳዳዎችን ወደ መድፈን አዞረዋለሁ።

ብዙ ቤት ሠሪዎች የሚዘነጉት እነዚህን ቀዳዳዎች ነው። የመስኮት ፍሬም ከግድግዳ በሚጋጠምበት፣ ቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመር በሚያልፍበት፣ ኮርኒሱ ግድግዳውን በሚነካበት ቦታ የሞቀ አየር ሾልኮ ይወጣል። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ውድ ማሞቂያ መግጠም በወንፊት ውኃ መቅዳት ነው። መለኪያው ግን አለ፦ በር ላይ ትልቅ ማራገቢያ ተገጥሞ፣ በውስጥና በውጭ መካከል የ50 ፓስካል የግፊት ልዩነት ተፈጥሮ፣ የቤቱ አየር በሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚቀየር ይሰላል። እ.ኤ.አ. በ1991 በጀርመን ዳርምሽታት ከተማ በተሠሩት ቤቶች የጀመረው የፓሲቭ ሃውስ (በጣም ጥቂት ማሞቂያ የሚበቃው ቤት) መስፈርት ከ0.6 ጊዜ በላይ አይፈቅድም፤ ለማሞቂያም በካሬ ሜትር በዓመት 15 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ይመድባል። ሁሉም ሰው እዚያ ይድረስ አልልም። ፍተሻው ግን በሁሉም ቤት ይደረግ፤ ያውም ልስኑ ሳይዘጋ፣ ቀዳዳው በእጅ ሊደፈን በሚችልበት ጊዜ። የታሸገ ቤት በአግባቡ አየር ካልተለዋወጠ እርጥበት ይዞ ይሻግታል፤ ስለዚህ አየር መለዋወጫው እንደ ቅንጦት አይታይ።

ማሞቂያ መሣሪያ ከሁሉም በኋላ የሚመረጥ ነገር ነው። ከውጭ አየር ወይም ከመሬት ሙቀት ሰብስቦ ወደ ቤት የሚያስገባው ሂት ፓምፕ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ሊሰጥ ይችላል፤ ግን በደንብ የሚሠራው በማሞቂያ ቧንቧው 35 ዲግሪ ያህል የሞቀ ውኃ የሚበቃው ቤት ውስጥ ነው። ግድግዳው ሙቀት የሚያባክን ከሆነ ውኃው 55 ወይም 60 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ ያኔ ጥቅሙ ይቀንሳል። ጥሩ ግድግዳ ያለው ቤት ደግሞ በአነስተኛ መሣሪያ ይሞቃል፤ ለመከላከያው ከወጣው ገንዘብ ከፊሉ እዚህ ይመለሳል። መሣሪያ በ15 ወይም በ20 ዓመት ይቀየራል። ግድግዳው ግን ልጅ የልጅ ልጅ ሊኖርበት ይችላል።

የነዳጅ ዋጋም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ ነበር ብዙ አገሮች መስፈርታቸውን ማጥበቅ የጀመሩት፤ ጀርመን የመጀመሪያውን የሙቀት መከላከያ ደንቧን እ.ኤ.አ. በ1977 አወጣች። እ.ኤ.አ. በ2022 በአውሮፓ የጋዝ ዋጋ ሲያሻቅብ መከላከያ የሌላቸው ቤቶች ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ምርጫ አልነበራቸውም። መከላከያ ወጪውን በስንት ዓመት ይመልሳል ብሎ በዛሬ ዋጋ ብቻ ማስላት፣ ዋጋው ባለበት ይቆያል ብሎ መወራረድ ነው።

መስፈርት በሕግ ይቀመጥ የምልበት ትልቁ ምክንያት ግን ተከራዩ ነው። ቤቱን የሚሠራው ሰው የማሞቂያውን ክፍያ አይከፍልም፤ የሚከፍለው ተከራይ ደግሞ ግድግዳው ውስጥ ምን እንዳለ አያይም፣ ቢያይም ሊቀይረው አይችልም። ገበያው ብቻውን ይህን አያስተካክልም። ሕጉ ግን የመከላከያ ውፍረት ዝርዝር ከሚያስገድድ ውጤቱን ይለካ፤ በካሬ ሜትር በዓመት ምን ያህል ኃይል እንደሚፈጅ ይወስንና እንዴት እንደሚደረስበት ለሠሪው ይተው። የአየር ፍተሻው ውጤት ከቁልፉ ጋር ለገዢውና ለተከራዩ ይሰጥ። ባንኮችም የተበዳሪን የመክፈል አቅም ሲመዝኑ የወር ብድሩን ከወር የማሞቂያ ወጪ ጋር ደምረው ይመልከቱ፤ ያኔ በግንባታው ወጪ ውድ የተባለው ቤት በየወሩ የሚጠይቀው ከርካሹ ያነሰ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።