ዋንጫው በእንግሊዝኛ፣ ቀጠሮው በአማርኛ

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። መሀል አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የሕግ ትምህርት ቤት ያስተምራል። «የምስለ ችሎት ውድድር አለን፤ ዳኛ ጎድሎብናልና ድረስልን» አለኝ። ምስለ ችሎት የማስመሰል ፍርድ ቤት ነው። ጉዳዩ የተፈጠረ፣ ተከራካሪዎቹ ተማሪዎች፣ ዳኞቹ ደግሞ እንደ እኔ ያለ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ የሌለው ጠበቃ። ሄድኩ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ወንዶቹ ከረባት አስረዋል፤ አንዳንዱ ከረባት የታላቅ ወንድም መሆኑ ያስታውቃል። አንዲት የአራተኛ ዓመት ተማሪ ተነሳች። «ሜይ ኢት ፕሊዝ ዘ ኮርት» ብላ ጀመረች። ከዚያ በኋላ አንዴም አልተደናቀፈችም። የጠየቅናትን ሁሉ መለሰች። እኔንማ አንድ ጊዜ በራሴ ጥያቄ አፋጠጠችኝ። ዋንጫውን የእሷ ቡድን ወሰደ። ማታውኑ ፎቶው ቴሌግራም ላይ ወጣ፤ ከሥሩ «እንኳን ደስ አላችሁ» ተደረደረ። ይገባቸዋል።

ከውድድሩ በኋላ ማኪያቶ ይዘን ቆመን ስናወራ፣ ለጨዋታ ያህል አንድ ነገር ጠየቅኳት። የተከራከሩበት ጉዳይ የብድርና የመሬት ነገር ነበረበት። «ያ አንቲክሬሲስ ያልሽው ውል፣ በአማርኛ ምን ይባላል?»

አሰበች። ጓደኞቿን አየች። ሳቀች። «ጋሼ፣ እሱን በአማርኛ አልተማርነውም።»

ወለድ አገድ ነው። ያበደረ ሰው በወለዱ ፈንታ የተበዳሪውን መሬት ይዞ ፍሬውን የሚበላበት ውል። ገጠር ያደገ ሰው ስሙን ያውቀዋል። ስንቱ ቤተሰብ በወለድ አገድ የሰጠውን መሬት አስመልስልኝ ብሎ ፍርድ ቤት ተመላልሷል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በዚሁ ስሙ ይጠራዋል። ልጅቷ ግን የአገሯን ነገር በግሪክ ስሙ ነው የምታውቀው።

አልፈረድኩባትም። እኔም ያው ነበርኩ።

ተመርቄ የመጀመሪያ ክሴን የጻፍኩት በእንግሊዝኛ እያሰብኩ፣ በአማርኛ እየተረጎምኩ ነው። ተራ የገንዘብ ክስ ነበር። ስድስት ገጽ ሞላሁ። ጠዋት ካፖርቴን ለብሼ ወደ አንድ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሄድኩ። ሠራተኛዋ ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረገችና «ዳኝነቱ የታለ?» አለችኝ።

«የትኛው ዳኛ እንደሚያየው ገና አላወቅኩም» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ከኋላዬ የተሰለፉ ሁለት ሰዎች ሳቁ። ወረቀቱ ተመለሰልኝ።

ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። በፍርድ ቤት አማርኛ «ዳኝነት» ማለት እንዲወሰንልህ የምትጠይቀው ነገር ነው። «ተከሳሽ ይህን ያህል ብር ከነወለዱ ይክፈለኝ፤ ወጪና ኪሳራዬንም ይተካልኝ» የሚለው ክፍል። እሱን ያልጻፈ ሰው ስድስት ገጽ አማርሯል እንጂ ክስ አላቀረበም።

ከበሩ ውጭ ጃንጥላ ሥር የተቀመጡ አንድ ራፖር ጸሐፊ፣ ለባለጉዳይ ክስና ማመልከቻ የሚጽፉ ሰው፣ ነበሩ። አፍሬ ወረቀቴን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡት። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ደብዳቤ ነው» አሉኝ። ከዚያ ታይፕራይተራቸውን ሳብ አደረጉ። ስድስቱ ገጽ አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። የፍርድ ቤቱ ስም፣ ከሳሽና ተከሳሽ ከነአድራሻቸው፣ የፍርድ ቤቱ ሥልጣን፣ የክሱ ምክንያት፣ የተጠየቀ ዳኝነት፣ የማስረጃ ዝርዝር። መጨረሻው ላይ «ክሱ እውነት መሆኑን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ»። ቁጥር 92ን እኔም ተምሬዋለሁ፤ ፈተናም ላይ ጽፌዋለሁ። በአማርኛ ሳየው ግን አላወቅኩትም። እኚያ ሰው የሕግ ዲግሪ አልነበራቸውም። ያን ቀን የከፈልኳቸው ገንዘብ በዕድሜዬ ከከፈልኩት የትምህርት ክፍያ ሁሉ ርካሹ ነው።

ነገሩን ከሕጉ አንፃር ስታየው የበለጠ ይገርማል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 5 አማርኛን የፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ቋንቋ አድርጎታል። አዋጅ ቁጥር 3/1987 ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይውጣ ይላል፤ ሁለቱ ከተለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ወዲህ ደግሞ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት የሚያርመው የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት ከ5 ባላነሱ ዳኞች የሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል። እነዚያ ውሳኔዎች ከ20 ቅጽ በላይ ታትመዋል፤ የተጻፉት በአማርኛ ነው። ተማሪው ግን 5 ዓመት በእንግሊዝኛ ይማራል። የመውጫ ፈተናውን በእንግሊዝኛ ይፈተናል። ዋንጫውን በእንግሊዝኛ ይበላል። ከዚያ ልደታ ፍርድ ቤት ሄዶ «ብይን»፣ «ትእዛዝ» እና «ፍርድ» አንድ ይመስሉታል። አንድ ሰው በመጀመሪያ ደረጃ ከሳሽ፣ በይግባኝ ይግባኝ ባይ፣ በሰበር አመልካች እንደሚባል የሚያውቀው መዝገቡ ከተመለሰለት በኋላ ነው።

ሲጀመርም ነገሩ እንዲህ ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። 3,367 ቁጥሮች አሉት። ያረቀቀው ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ሲሆን የጻፈው በፈረንሳይኛ ነው፤ ከዚያ ወደ አማርኛ ተተረጎመ። ሕጉን የሚያስተምረው ትምህርት ቤት የተከፈተው ከሕጉ በኋላ፣ በ1956 ዓ.ም. ነው። ያውም ንጉሡ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው በሰጡት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ፣ 6 ኪሎ። የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበር። መምህራኑም በአብዛኛው የውጭ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ የሕጉ አርቃቂ በፈረንሳይኛ አሰበ፣ መምህሩ በእንግሊዝኛ አስተማረ፣ ዳኛው በአማርኛ ፈረደ። በዚያ ዘመን ሌላ ምን ምርጫ ነበር? እሺ ይሁን።

የሚያስቀናኝ ግን እነዚያ ፈረንጆች የሠሩት አንድ ነገር ነው። ትምህርት ቤቱ በተከፈተ በዓመቱ የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔትን ጀመሩ። አማርኛና እንግሊዝኛውን አብረው ያትሙ ነበር። የፍርድ ቤት ውሳኔዎችንም ያወጡ ነበር። አማርኛ የማይችሉ ሰዎች አማርኛ ያስፈልጋል ብለው ነበር ማለት ነው።

ደግሞ እኛ ለክርክር ባዕድ አይደለንም። ሙግት እኮ ለዚህ አገር ሰው መዝናኛም ነበር። ባለጉዳይ ነጠላውን አደግድጎ፣ ዱላውን ጨብጦ «በላ ልበልሃ!» ብሎ ይነሳ ነበር። ክርክሩ በግጥም ይወርዳል። ቤት የማይመታ ተሟጋች ግማሽ ተረቷል። «ተጠየቅ» ብሎ ባላጋራውን በጥያቄ ያፋጥጣል፤ ዛሬ መስቀለኛ ጥያቄ የምንለው። በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ ይወራረዳሉ። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው ዳኛ ዘንድ ይሄዱ ነበር፤ ቁራኛ ይባላል። የታመመ ሰው «የአልጋ ቁራኛ ሆነ» የምንለው ከዚያ የቀረ ነው። መንገድ ላይ «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው ባለበት ይቆም ነበር። (ዛሬ ታክሲ ተራ ላይ ሞክሩት። ወረፋ የሚያልፍባችሁ ሰው የሚቆም ከሆነ ንገሩኝ።)

ታዲያ እንዲህ ያለ አገር ውስጥ ያደገ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የማይሟገትበት የምስለ ችሎት ውድድር ለምን እናዘጋጃለን?

ወዳጄን ይህን ስጠይቀው መልስ አላጣም። «ልጆቹ ጄሰፕ ይሄዳሉ፣ የመላው አፍሪካ ሰብዓዊ መብቶች ምስለ ችሎት ይሄዳሉ፤ እዚያ በአማርኛ ማን ይሰማቸዋል?» አለኝ። እውነት ነው። ጄሰፕ ከአውሮፓውያን 1960 ጀምሮ ያለ የዓለም አቀፍ ሕግ ውድድር ነው። የአፍሪካው በ1992 ተጀምሮ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በፖርቱጋልኛ ይካሄዳል። አፍሪካ ኅብረትም ያለው እዚሁ ከሜክሲኮ አለፍ ብሎ ነው።

ከዚያ አልፎ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ያለበትን ሄግን ጠቀሰልኝ፤ እዚህ ላይ ተረታሁለት። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በ1953 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካን በናሚቢያ ጉዳይ በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከሰዋል። ለእኛ ከተከራከሩት ዋናው አሜሪካዊው ኧርነስት ግሮስ ነበር። ሐምሌ 1958 ዓ.ም. ዳኞቹ 7 ለ 7 ተከፈሉ፤ የፕሬዚዳንቱ ድምፅ ወሳኝ ሆኖ ክሱ ወደቀ። አፓርታይድን የከሰስነው እኛ፣ ቆሞ የተናገረልን ሌላ። ያችን የአራተኛ ዓመት ተማሪ ሳያት ሄግ ላይ ቆማ ታየችኝ። ስለዚህ የእንግሊዝኛው ውድድር ይቅር አልልም። እንዲያውም ይብዛ።

ግን እንቁጠር። ከአንድ ክፍል ተመራቂ ውስጥ ሄግ የሚቆመው ስንቱ ነው? ልደታ፣ አራዳ፣ ቦሌ ምድብ ችሎት የሚቆመውስ? ዐቃቤ ሕግ የሚሆነው፣ ባንክ ነገረ ፈጅ የሚሆነው፣ ክልል ሄዶ ዳኛ የሚሆነው? ኦሮሚያ ለሚሄደው ደግሞ አፋን ኦሮሞ፣ ትግራይ ለሚሄደው ትግርኛ ይጠብቀዋል። ለአማርኛው ያልኩት ለእነሱም ይሠራል።

ሌላም ነገር አለ። የሕግ ትምህርት ቤቶች የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው። እዚያ የሚሠራ ተማሪ ፎቶ ብዙ ጊዜ ቴሌግራም ላይ አይወጣም። አንድ ቀን ከእነሱ ጋር ተቀምጬ ዋልኩ። አንዲት እናት ለሁለት ልጆቿ ቀለብ እንዲቆረጥላት መጣች። አባትየው አድራሻ ቀይሯል። የሦስተኛ ዓመቱ ልጅ ታሪኳን እስክትጨርስ ሰማት። አለቀሰች፤ ጠበቃት። ከዚያ ከለቅሶው ውስጥ ክሱን መለየት ጀመረ። ጋብቻው መቼ ተፈጸመ፣ ልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት አላቸው ወይ፣ ገቢው ስንት ነው፣ ማን ያውቃል። ሦስቴ ጻፈው፣ ሦስቴ ሰረዘው። አራተኛው ላይ «የተጠየቀ ዳኝነት» ብሎ ከሥሩ አሰመረ። ያቺን መስመር ሳይ ራፖር ጸሐፊዬ ትዝ አሉኝ።

ከ6 ኪሎ ሕግ ተምረው የወጡት መዓዛ አሸናፊ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነበሩ። ሕዝብ ቀድሞ ያወቃቸው ግን በኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነው፤ ጠበቃ መቅጠር የማይችሉ ሴቶች በር በሚያንኳኩበት ቤት። የዚያ ቤት ሥራ የሚሠራው ባለጉዳዩ በሚገባው ቋንቋ ነው።

ለወዳጄ ያቀረብኩለት ሐሳብ ቀላል ነው። በሚቀጥለው ውድድር አንድ ዙር በአማርኛ ይሁን። ጉዳዩን ከሩቅ አያምጡ። የቤት ሽያጭ ይሁን፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ሰው ፊት ይደረግ የሚለው። በዚህች ከተማ በእሷ የተነሳ ያልተካሰሰ ሰፈር የለም፤ ሰበር ችሎቱንም ደጋግማ አድክማዋለች። ተማሪዎቹ የሰበር ቅጾቹን ይገልብጡ። ክሱንም፣ የመከላከያ መልሱንም፣ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያውንም ራሳቸው ይጻፉ። ጽሑፉ ግማሽ ነጥብ ይያዝበት። ቤት እየመታ የተከራከረ ካለ እኔ በግሌ ማር እገዛለታለሁ።

ወዳጄ «ዳኛ ከየት እናመጣለን?» አለኝ። ሦስት ይበቃሉ አልኩት። አንድ ሥራ ላይ ያለ ዳኛ፣ አንድ ጠበቃ፣ አንድ ራፖር ጸሐፊ። በሦስተኛው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ዳኝነት የሌለውን ክስ ከሩቅ የሚያሸት ሰው ከእነሱ ሌላ አላውቅም። «እስቲ ለዲኑ አቀርባለሁ» ብሎኛል። እኔም ሰሞኑን በዚያ ፍርድ ቤት ሳልፍ ጃንጥላዎቹን አየኋቸው። ታይፕራይተሩ በላፕቶፕ ተተክቷል። የእኔን ሰውዬ ግን አጣኋቸው። ያሉበትን የሚያውቅ ካለ የውድድር ጥሪ እንዳለባቸው ይንገርልኝ።