«የተከበሩ» ብለን ሳቅንባቸው

ወገኖቼ፣ ባለፈው ሐሙስ ማታ መገናኛ የታክሲ ወረፋ ላይ የሆነው ነገር አልወጣልህ ብሎኛል። ያደረግነው ደግሞ እኛው ነን።

ያካፋ ነበር። ከፊቴ አንድ አዛውንት ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል። ጫማቸው ተሰፍቶ ተሰፍቶ ቅርጹን ለቋል። ከኋላ አንድ ሰውዬ አያቸውና «የተከበሩ! እርስዎም ለታክሲ ይሰለፋሉ እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ዞረ። «ፓርላማ ነበሩ እኮ! ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል!» ወረፋው በሙሉ ሳቀ። አዛውንቱ ጃንጥላቸውን ዝቅ አድርገው ፊታቸውን ከለሉ። አንድ ቃል አልተነፈሱም።

አውቃቸዋለሁ። የሰፈራችን ተመራጭ ነበሩ። በ1997 ምርጫ ኢሕአዴግ የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበሮች በሙሉ ሲያጣ እሳቸውም ተሸነፉ። ተሸነፍኩ ብለው ወደ ማስተማር ሥራቸው ተመለሱ። ፓርቲያቸውን ያኔም አልወደውም ነበር። ሰውየው ግን ክረምት ፓርላማው ሲዘጋ ቀበሌ አዳራሽ መጥተው፣ ስድባችንን ሳይቀር ቁጭ ብለው ደብተራቸው ላይ ይጽፉ ነበር።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካይ ተገዥነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው ብቻ ነው ይላል። እኛ ሌባ በዛ እያልን እናለቅሳለን። ያልሰረቀ ስናገኝ ደግሞ ለምን አልበላህም ብለን በተረት እንገርፈዋለን። ምን ዓይነት ሰዎች ነን? ዩኒፎርም የለበሰች ተማሪ አብራን ስትስቅ አይቻለሁ። ነገ እሷ ብትመረጥ ምን እንድታደርግ ነው ያስተማርናት? በ2002 ምርጫ ከ547 ወንበር ከገዢው ፓርቲና ከአጋሮቹ እጅ የወጡት ሁለት ብቻ ነበሩ። ሥልጣን ላይ ሙጭጭ አሉ ብለን ተናደድን። የወረደ ሰው የሚጠብቀው ይህ ከሆነ ማን ይወርዳል?

የኔ ደግሞ ይብሳል። እኔም ሳቅኩ። ድምፅ አውጥቼ አይደለም፤ ግን ሳቅኩ። እናቴ ስትሞት ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳን ውስጥ አብረውኝ በተቀመጡት ሰው ላይ። ያኔ ከወንበራቸው ከወረዱ ቆይተው ነበር። ድምፅ ፍለጋ አልመጡም።

እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ ሰው ሰፈራችሁ ካለ ሄዳችሁ ሰላም በሉት። እኔ ከሐሙስ ወዲህ በየማታው በዚያው ሰዓት ወረፋው ላይ ቆሜ እፈልጋቸዋለሁ። እስካሁን አላየኋቸውም። ነገም እሄዳለሁ። ከመጡ ከፊቴ አስቀድሜያቸው፣ ሁሉም እየሰማ «ጋሼ» ብዬ እጠራቸዋለሁ።