ኧረ ተዉ፣ ውሃ ኩላንት አይደለም!

«አዲስ አበባ በረዶ የለ፣ ኩላንት ምን ያደርግልሃል? ውሃ ሙላበት» የምትለዋን ምክር ማን ነው ከጋራዥ ጋራዥ የሚያዞራት? ኧረ በፈጠራችሁ! ኩላንት ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ ነው፤ ብርድ መከላከል አንዱ ሥራው ነው። ዝገት መከላከሉስ? ቶሎ እንዳይፈላ ማድረጉስ? አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ናት። ውሃ እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ሞተር ደግሞ ደህና ሆኖም 90 አካባቢ ነው የሚሠራው። ውሃው እንዳይፈላ ይዞት ያለው የራዲያተር ክዳኑ ግፊት ብቻ ነው። ክዳኑ ላይ የሚይዘውን ግፊት የሚናገር 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር አለ፤ ላስቲኩ ከደረቀ ግፊቱን አይዝም። ከዚያ አባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን መውጣት ሲመጣ መኪናው ኮፈኑን ከፍቶ ዳር ይቆማል።

ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ታውቁታላችሁ? የቧንቧና የጉድጓድ ውሃ ያንኑ ሞኖብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ውስጥ ይጋግረዋል። ሙቀት ከብረቱ ወደ ውሃው እንዳያልፍ ያግዳል፣ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል፣ ዝገቱ ደግሞ የውሃ ፖምፑን ማሸጊያ (ሲሉን) ይበላዋል።

መኪናው መጋል ሲጀምር ምን ይደረጋል? ቴርሞስታቱ (በሙቀት እየተከፈተ ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚያሳልፈው በር) ተፈትቶ ይጣላል! ከሁሉ የሚያንገበግበው ይሄ ነው። ብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት በር አለው። ሞተሩ ሲሞቅ አንደኛው ወደ ራዲያተር የሚያስኬደውን መንገድ ይከፍታል፣ ከሥር ያለችው ዝርግ ብረት ደግሞ ራዲያተሩን ዘሎ የሚዞረውን አቋራጭ ትዘጋለች። አውጥታችሁ ስትጥሉት አቋራጩ ክፍት ይቀራል። የጋለው ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ዳገት ላይ ይግላል፣ ሜዳ ላይ ደግሞ ቀዝቅዞ እየሠራ ቤንዚን ይጠጣል። መድኃኒት ተብሎ በሽታ ተጨመረበት ማለት ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል፤ በእጃችን ያለውን ሞተር እንዲህ እያደረግን የት ልንደርስ ነው?

ሌላው ደግሞ «አረንጓዴ ነው ቀይ?» የሚባለው ነገር። ቀለም ማቅለሚያ ነው፣ ስለ ዓይነቱ ዋስትና አይሰጥም። የቶዮታ ቀዩ ሎንግ ላይፍ ኩላንት ጥሬ ነው (ውሃ አልገባበትም)፣ በውሃ ይበጠበጣል፣ በየ2 ዓመቱ ወይም በየ40,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። ሮዙ ሱፐር ሎንግ ላይፍ ከእኩል ውሃ ጋር ተበጥብጦ ነው የሚመጣው፤ መጀመሪያ በ160,000፣ ከዚያ በየ80,000 ኪሎ ሜትር። በእሱ ላይ እንደገና እኩል ውሃ ሲጨመርበት ሩብ ብቻ ኩላንት ይቀራል! አሮጌውን አረንጓዴ ከእነዚህ ጋር መቀላቀል የዝገት መከላከያውን ያዳክማል፣ አንዳንዴም እንደ አጥሚት ይረጋል። ሱቅ ስትሄዱ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ አይታችሁ ዓይነቱን በስሙ ጠይቁ።

ውሃ ሲሞላበት የኖረ መኪና እንዲህ ይታጠባል። ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ከራዲያተሩ ሥር ያለውን ማፍሰሻ ፍቱ። የሚወርደው ግማሹ ገደማ ብቻ ነው፣ ቀሪው ሞኖብሎኩና የመኪናው የውስጥ ማሞቂያ ውስጥ ነው። ዲስትልድ (ማዕድኑ የወጣለት) ውሃ ሙሉ (የባትሪ አሲድ እንዳይሰጧችሁ ጽሑፉን አንብቡ)፣ ማሞቂያውን ሙቅ ላይ አድርጋችሁ ሁለቱም የራዲያተር ጎማዎች (ውሃ የሚያመላልሱት የጎማ ቱቦዎች) እስኪሞቁ አስነሱት፣ አቀዝቅዛችሁ አፍስሱ። ጥርት ብሎ እስኪወጣ ሦስት አራት ጊዜ ድገሙት። ውስጥ የቀረ ውሃ ስላለ በመጨረሻ የተበጠበጠውን ሳይሆን ጥሬውን አስገቡ፦ ጠቅላላው 5 ሊትር የሚይዝ ከሆነ መጀመሪያ 2 ሊትር ተኩል ጥሬ፣ ከዚያ የጎደለውን በዲስትልድ። ክዳኑን ክፍት አድርጋችሁ አረፋው እስኪያቆም ይሥራ፤ ፋኑ (የራዲያተሩ ማራገቢያ) ሁለቴ ይነሳና ይጥፋ። አየር ከቀረበት የሙቀት ጌጁ ሳያሳይ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይግላል። በጋለ ሞተር ላይ ክዳን መክፈትና ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትማ በፍጹም! አሉሚኒየሙ ቴስታታ ይጣመማል፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ (ጋስኬቱ) ም ይበላሻል።

በማግስቱ ጠዋት ሳታስነሱት ሪዘርቩን (የኩላንቱን መጠባበቂያ ዕቃ) እዩ። ትንሽ መውረድ ያለ ነው፣ ፉል እስከሚለው መስመር ሙሉት። በየሳምንቱ ከወረደ ግን የሆነ ቦታ ያንጠባጥባል፤ ውሃ ፖምፑ ሥርና የጎማዎቹ ጫፍ ላይ የደረቀ ቅርፊት ፈልጉ።